የመድኃኒቱ ኃላፊ፦ በበጎ ፈቃድ የሕክምና ቡድን ለሚሰለፍ ፋርማሲስት

አንድ የበጎ ፈቃድ የሕክምና ቡድን ዘመቻውን ጨርሶ ሲመለስ ሐኪሙም ነርሱም አብረው ይመለሳሉ፤ እዚያው የሚቀረው መድኃኒቱ ነው። የተነቀለው ጥርስ ተነቅሏል፣ የተገፈፈው የዓይን ሞራ ተገፏል፤ ሥራው በዋለበት ቀን አልቋል። ክኒኑ ግን በከረጢት ሆኖ ቤት ይገባል። ቡድኑ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ለሳምንታት ይዋጣል፣ ሌላ ልጅ ሲያተኩሰው ለእርሱ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይካፈላል፣ የተረፈውም ለክፉ ቀን ተብሎ ይቀመጣል። የዘመቻው ጥቅምም ሆነ ጉዳት ከሁሉ ይልቅ ረዝሞ የሚቆየው በዚህ በኩል ነው። ሆኖም በብዙ ቡድኖች ፋርማሲስቱ የሚታወሰው ሐኪሞቹ ተመርጠው፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ መድኃኒቱም ከየቦታው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ ከተራው ጫፍ ቆሞ የሚያድል ሰው ሲፈለግ ነው። ይህ መመሪያ የሚከራከረው ለተቃራኒው ነው። ፋርማሲስቱ ከመጀመሪያዎቹ ተመዳቢዎች አንዱ መሆን አለበት፤ ዋና ሥራውም ማደል ሳይሆን ምን እንደሚሄድ፣ ምን እንደማይሄድ፣ የሄደውም ቡድኑ ከተመለሰ በኋላ በማን እጅ እንደሚቀጥል መወሰን ነው። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከቴል አቪቭ ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝ ቡድን ጠርቶዎት እንደሆነ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡ እንደሆነ፣ ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለያይም።

ቦታዎን አስቀድመው ያስወስኑ

ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ከቡድኑ መሪ ጋር ቁጭ ብለው ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስማሙ። አንደኛው፣ ያለ እርስዎ ፊርማ አንድም መድኃኒት እንዳይገዛ፣ እንዳይሰበሰብ፣ እንዳይታሸግ ነው። ሁለተኛው፣ በዕቅድ ስብሰባዎች ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲገኙ ነው፤ የማስገቢያ ፈቃድም ሆነ የግዥ ሥራ ወራት ይወስዳልና። ሦስተኛው፣ በሥራው ቀን ከስምምነቱ ውጭ የሆነ ማዘዣ ሲመጣ ወደ ሐኪሙ የመመለስ መብት እንዲኖርዎት ነው። ይህን መጠየቅ ለማዕረግ መሟገት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰው የሄይቲ ርዕደ መሬት በኋላ፣ በ2013፣ ለውጭ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መመዘኛ ሲያወጣ መነሻው በጎ ፈቃድ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነበር። የሚመጣው ቡድን ራሱን የቻለ፣ ለተቀባዩ አገር ሸክም የማይሆን መሆን አለበት ይላል። ዓለም አቀፉ የፋርማሲ ፌዴሬሽንም በ2016 ፋርማሲስቶች በአደጋ ጊዜ ስለሚኖራቸው ድርሻ መመሪያ አውጥቷል። ሁለቱን ሰነዶች ለቡድንዎ መሪ ቢያሳዩ ጥያቄዎ የግል ፍላጎት ሳይሆን የሙያው ሥርዓት መሆኑ ይታያል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ የአውሮፕላን ወንበርና ገንዘቡ ውስን ነው፣ ክኒን ማደል ደግሞ ነርስም ይችላል፣ ስለዚህ በፋርማሲስቱ ቦታ አንድ ሐኪም ቢጨመር ብዙ ሰው ይታከማል ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በኢትዮጵያ ጤና ኬላዎች መድኃኒት የሚሰጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ በብዙ ቦታም ነርሶች ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ የእጅ ቁጥር የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። የተጨመረው ሐኪም በቀን ሠላሳ ወይም አርባ ተጨማሪ ማዘዣ ይጽፋል። ያ ሁሉ ማዘዣ ከየት መጥቶ ይሞላል፣ ማን ያጣራዋል፣ ስሕተት ቢኖርበት ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። ቦታ ከጠበበ ማደሉን ለነርስ ሰጥቶ ምርጫውን፣ ስሌቱንና ማጣራቱን ለፋርማሲስት መተው ይቻላል፤ ምናልባትም ፋርማሲስቱ ከሚሄዱበት ቦታ ሊገኝ ይችላል። ያ ከሆነ ወንበርዎን ለሌላ ሰው መልቀቅ ተገቢ ነው። መቅረት የሌለበት ኃላፊነቱ ነው።

ዝርዝሩን ከሚሄዱበት ቦታ ያውጡ

ቀጣዩ እርምጃ ስልክ ነው። የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የፋርማሲ ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠይቀው በቀጥታ ያነጋግሩ። በገጠር ጤና ጣቢያ ይህ ሰው በዲፕሎማ የተመረቀ የፋርማሲ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ዲግሪ ቢበልጥም በዚያ ስቶር ጉዳይ ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። የሚጠይቁት «ምን ይጎድላችኋል?» ብቻ አይሁን፤ ለእንግዳ በጎ መልስ መስጠት ባህላችን ስለሆነ «ምንም ይሁን፣ ያገኛችሁትን አምጡ» ብሎ ሊመልስልዎ ይችላል። ይልቁንም ሰነድ ይጠይቁ። እያንዳንዱ ጤና ተቋም አሥሩን ዋና ዋና በሽታዎች መዝግቦ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚልኩት የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽም አለ። ይህ ቅጽ ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ ምን እንዳለቀ በቁጥር ያሳያል። ከስቶሩ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ጋር ሲያነጻጽሩት ለዚያ ወረዳ ምን እንደሚያስፈልግ ከማንም የርቀት ግምት በተሻለ ይነግርዎታል።

ከዚያ ዝርዝሩን ከኢትዮጵያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። ስድስተኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ቡድኑ ከሄደ በኋላ በዚያው አካባቢ ሊገኝ የማይችል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሕመም አይጀመርም። ደም ግፊት ላለበት ሰው አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መስጠት ይቻላል፤ በጤና ጣቢያው ሊቀጥል ይችላልና። ከአሜሪካ የመጣ አዲስ የንግድ ስም ያለው ጥምር ክኒን ለሠላሳ ቀን ሰጥቶ መሄድ ግን በሠላሳ አንደኛው ቀን ሕክምናውን ማቋረጥ ማለት ነው። ስሌቱን ምሳሌ ወስደን እንየው። በአምስት ቀን 600 ሰው ይታያል ብለው ቢያቅዱና የተቋሙ መዝገብ ከአሥሩ አንዱ የደም ግፊት ሕመምተኛ መሆኑን ቢያሳይ፣ 60 ሰው በቀን አንድ ክኒን ለአንድ ወር 1,800 ክኒን ይፈልጋል፤ ለሦስት ወር ደግሞ 5,400። ይህን ሁሉ በከረጢት አድሎ ከመሄድ ይልቅ የመጀመሪያውን ወር ለታካሚው፣ የቀረውን በስማቸው ለጤና ጣቢያው ማስረከብ ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ታካሚው በየወሩ ግፊቱን ለመለካት የሚመለስበት ምክንያት ያገኛል። የእነዚህን 60 ሰዎች ሕክምና ለመቀጠል አቅም የሌለ እንደሆነም የሚታወቀው ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይደውሉና ይጠይቁ፦ በቅርቡ የትኞቹ የጅምላ ሕክምና ዘመቻዎች ተካሂደዋል? በኢትዮጵያ አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል በትምህርት ቤቶች፣ አይቨርሜክቲን የወንዝ ዳር ዕውርነት ባለባቸው ወረዳዎች፣ አዚትሮማይሲን ደግሞ ትራኮማ በተስፋፋባቸው፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ በዘመቻ ይሰጣሉ። ይህን ሳይጠይቁ የአንጀት ትል መድኃኒት ለመጣው ሁሉ ማደል ድግግሞሽ ነው፤ መዝገቡንም ያበላሻል።

የማይሄደውን መለየት

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰዎች በቅን ልቦና ያመጡትን አይሆንም ማለት ነውና። በክሊኒክ የተረፈ ናሙና፣ የሞተ ዘመድ ያልጨረሰው ክኒን፣ ማብቂያው የደረሰ የቫይታሚን ካርቶን፣ ይህ ሁሉ «ከምንም ይሻላል» ተብሎ ይመጣል። ምን እንደሚያስከትል ግን በሰነድ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜንያ በርዕደ መሬት ስትመታ ወደ 5,000 ቶን የሚጠጋ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከ። ምን እንደመጣ ለመለየት ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጀባቸው። ስምንት በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር፣ አራት በመቶው በውርጭ ተበላሽቷል፤ ከቀረው ውስጥ በቀላሉ ሊለይ የቻለው 30 በመቶ ብቻ ነበር። በቦስኒያና ሄርዞጎቪና ጦርነት ከ1992 እስከ 1996 የማያገለግል ሆኖ የተከማቸው መድኃኒት 17,000 ቶን እንደሆነ ተገምቷል። ቅርባችንን ስናይ ደግሞ፣ በ1989 በጦርነት ላይ በነበረችው ኤርትራ ጊዜው ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና አስፕሪን ደርሶ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ወስዷል። በጦርነት መካከል ያለ ሕዝብ ነዳጁንና ጉልበቱን ስጦታ ለማቃጠል አዋለው።

እነዚህ የትልልቅ አደጋዎች ታሪኮች ናቸው፣ የእኛ ዐሥር ሻንጣ ምን ያደርሳል ይሉ ይሆናል። መጠኑ ይለያያል፤ መንስኤው ግን አንድ ነው። በሁሉም ዘንድ የተላከው የተጠየቀው ሳይሆን በእጅ የተገኘው ነው። ዐሥር ሻንጣም ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስቶር ትልቅ ነው። መደርደሪያው ጠባብ ነው፣ ሠራተኛው አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ያለፈበትን መድኃኒት በሥርዓት የሚያስወግድበት ማቃጠያም ላይኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ኋላም የተሻሻለው በእነዚህ ተሞክሮዎች ምክንያት ነው። ቃሉን አጥብቀው ይያዙት። ልገሳው ተቀባዩ በገለጸው ፍላጎት ላይ ይመሥረት፤ መድኃኒቱ በተቀባዩ አገር ዝርዝር ውስጥ ያለ ይሁን፤ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው፤ ታካሚ የመለሰው ወይም ናሙና ሆኖ የተሰጠ አይላክ፤ ለለጋሹ አገር ሕዝብ የማይሰጥ ጥራት ለሌላውም አይሰጥ። ለአንድ ጤና ተቋም በቀጥታ ሲሰጥ፣ በዚያ ያለው ባለሙያ የቀረውን ጊዜ አውቆ ሳያልፍ እጠቀምበታለሁ ብሎ ከተቀበለ፣ የአንድ ዓመቱ ደንብ ሊላላ ይችላል። ውሳኔው ግን የተቀባዩ ነው።

ሕጉንም እንደ እንቅፋት አይዩት። መድኃኒት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲፈቅድ ነው። ዝርዝሩን፣ ከነመለያ ቁጥሩና ከነማብቂያ ጊዜው፣ አስቀድመው በአስተናጋጁ ተቋም በኩል አቅርበው ፈቃዱን በእጅዎ ይያዙ፤ «የግል ዕቃ ነው» ብሎ ጉምሩክ ማለፍ ቡድኑን ብቻ ሳይሆን አስተናጋጁንም ያስጠይቃል። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ዲያዜፓም፣ ትራማዶልና የመሳሰሉትን በሻንጣ አይያዙ። ሕመም ማስታገሻ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ከታቀደ በሆስፒታሉ ፈቃድና መዝገብ ይቅረብ። በዱባይ ወይም በአቡ ዳቢ የሚያልፍ አባል ካለ ደግሞ ትራማዶልና ኮዴይን በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው መሆናቸውን አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ለራስዎም ሆነ ለሌሎቹ ባለሙያዎች ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ከጤና ሚኒስቴር ወይም ከክልሉ ጤና ቢሮ መጠየቅን ለመጨረሻ ሳምንት አይተዉት።

ብርቱው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ከውጭ ከማምጣት ይልቅ ከአገር ውስጥ ግዙ ይባላል፣ ነገር ግን አገር ውስጥ መድኃኒቱ ከሌለስ? የውጭ ምንዛሪ እጥረት መደርደሪያን ባዶ እንዳደረገ፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ዋጋ እንደናረ ሁሉም ያውቃል። ተቃውሞው ትክክል ስለሆነ መልሱም ድፍን መሆን የለበትም። አስተናጋጁ በጽሑፍ የጠየቀውንና አቅራቢው አገልግሎት «የለኝም» ያለውን ከውጭ ማምጣት ተገቢ ነው፤ ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጉ ጠብታዎች ወይም የማደንዘዣ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የቀረውን ግን ገንዘቡን ይዘው ሄደው በአስተናጋጁ በኩል ፈቃድ ካለው አቅራቢ ይግዙ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መድኃኒት ከመንገድ ሱቅ አይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከዐሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ ገምቷል። በአገር ውስጥ የተገዛ መድኃኒት ሌላም ጥቅም አለው። ሕዝቡ ነገም ከጤና ጣቢያው የሚያገኘው ያንኑ ነው። በነፃ ዘመቻ የታደለው የውጭ እሽግ «እውነተኛው መድኃኒት ያ ነው» የሚል እምነት ትቶ ከሄደ፣ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን የከፈለው ገበሬ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ላይ ያለውን እምነት ያጣል። ያንን እምነት ለመመለስ የሚደክመው የአካባቢው ፋርማሲስት ነው።

መስኮቱ ላይ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ሁለት ነገር ያሰናዱ። አንደኛው በእያንዳንዱ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ ገጽ ነው፤ ያሉት መድኃኒቶች፣ ጥንካሬያቸው፣ የልጆች መጠን በክብደት፣ በእርግዝና የማይሰጡት። ስሞቹን ኢትዮጵያ ውስጥ በሚጠሩበት ይጻፉ። ከአሜሪካ የመጣ ሐኪም አሲታሚኖፌን የሚለው ፓራሲታሞል፣ አልቡቴሮል የሚለው ሳልቡታሞል፣ ግላይቡራይድ የሚለው ግሊቤንክላማይድ ነው። የመጨረሻውን በተለይ ይጠንቀቁት። ቀድሞ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በሌላ ስም ያንኑ ቢደረብለት ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕም አሜሪካ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ የተለመደው 120 ወይም 125 ነው፤ መጠኑ በማንኪያ ብቻ ከተነገረ ልዩነቱ ሳይታይ ያልፋል። ሁለተኛው ዝግጅት አስቀድሞ ማሸግ ነው። ብዙ የሚታዘዙትን በተወሰነ ቁጥር ቆጥረው፣ ስም፣ ጥንካሬና ማብቂያ ጊዜ ጽፈውባቸው ያሳድሩ።

ስለ ጊዜ አጻጻፍ ልብ ይበሉ። ከውጭ የመጣ ሰው በከረጢቱ ላይ «8 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ታካሚው የሚረዳው ከቀትር በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ነው። «ጠዋት» እና «ማታ» ብለው ይጻፉ፤ ለማያነብ ሰው የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያክሉ። የማብቂያ ጊዜውም እንዲሁ ያሳስታል። በ2018 ዓ.ም. የሚኖር ሰው በእሽጉ ላይ «2025» የሚል ሲያይ ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ስለዚህ ለቤት የሚሰጡትን እሽግ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ መቼ እንደሚያገለግል ጽፈው ይስጡ።

«ተራው ይረዝማል፣ ሰው ከሩቅ በእግሩ መጥቷል፣ እያንዳንዱን ስናስረዳ ይመሽብናል» የሚል ግፊት መምጣቱ አይቀርም። ስሌቱ ግን ያን ያህል አያስፈራም። በቀን 120 ሰው ቢኖርና ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ስድስት ሰዓት ነው፤ በሁለት መስኮት ሦስት ሰዓት። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይሙላ፣ ሌላው ያጣራ፣ እርስዎና የአካባቢው ባለሙያ ፊት ለፊት ሆናችሁ አስረዱ። ሦስቱን ደቂቃ ግን በመናገር አይፍጁት፤ ታካሚው ራሱ ይናገር። «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ይህን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» ማለት ከሁሉ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል። ከተሳሳቱ ያርሙ፣ መልሰው ያስነግሩ። ለሕፃን የሚሰጥ ዱቄት አንቲባዮቲክ ከሆነ እናትየዋ ፊት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ በጥብጠው ያሳዩ። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተዋሐደው ሽሮፕ ከተበጠበጠ በኋላ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መብራት ለሌለው ቤት ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን ይስጡ። አማርኛ መናገርዎ ብቻ በቂ እንዳልሆነም አይርሱ። በባሌ፣ በአፋር፣ በሲዳማ ወይም በሶማሌ አስተርጓሚ ያስፈልግዎታል፤ ያም ሰው የታካሚው ልጅ ወይም የመንደሩ ታዋቂ ባይሆን ይመረጣል።

የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በነፃ ዘመቻዎች ብዙ ከሚታደሉት ውስጥ ብረት፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ይገኙበታል፤ ጉዳት የሌላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን የኤችአይቪ መድኃኒት ከሆነው ዶሉቴግራቪር ጋር አንድ ላይ ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳሉ። ዶሉቴግራቪር ከእነርሱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ስድስት ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት፤ ብረትና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ። ዛሬ በኢትዮጵያ አብዛኛው የኤችአይቪ ታካሚ በዚህ መድኃኒት ላይ ነው፤ በጎረቤት ፊት ተራ ይዞ ቆሞ ግን ይህን የሚናገር የለም። ስለዚህ መስኮቱ ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ይሁን፤ «በየቀኑ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» የሚለውን ጥያቄም ለሁሉም ይጠይቁ። የአገር ባህል መድኃኒትንም ይጨምሩበት፤ ኮሶ የጠጣ ሰው መኖሩን ሳያውቁ የትል መድኃኒት ከመስጠት ማወቁ ይሻላል።

ስለ ጾምም ሳይጠይቁ አይለፉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን፣ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» የተባለ ክኒን ሳይዋጥ ሊያልፍ ይችላል። ታካሚው ትእዛዙን የናቀ አይደለም፤ ቁርስ የሚባል ነገር በዚያ ቀን የለም። ከሁሉ አደገኛው ግሊቤንክላማይድ ወስደው ሳይበሉ መዋል ነው። «በሽተኛ ለጾም አይገደድም» ብሎ መከራከር የፋርማሲስት ድርሻ አይደለም። ታካሚው የሚጾም ከሆነ ወደ ሐኪሙ መልሰው መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ እንዲቀየር ያድርጉ፤ ካህኑን ወይም ሼኹን ማማከር የሚፈልግ ከሆነም ጊዜ ይስጡት።

በባዶ እጅ መመለስ ነውር ነው የሚል ስሜትም አለ፤ ሰው ይህን ያህል ተጉዞ መጥቶ ምንም ሳይሰጠው እንዴት ይሂድ? ይህ ስሜት ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ጉንፋን ለያዘው ሁሉ አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ ይገፋፋል። ሆኖም የሚሰጠው ነገር መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለሚያስለው ልጅ እናት መቼ ፈጥና ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት እንዳለባት፣ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ እንዴት እንደሚሰጥ በዝርዝር ማስረዳት ስጦታ ነው። አንቲባዮቲክ ያልተገባው ቦታ ሲሰጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በኢትዮጵያ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው አንቲባዮቲክ ራሱ ችግር በሆነበት ዘመቻው የዚያ ልማድ አጽዳቂ መሆን የለበትም።

ከመሄድዎ በፊትና ከሄዱ በኋላ

በመጨረሻው ቀን የተረፈውን መድኃኒት በጓሮ በር አስገብተው አይሂዱ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ የሚፈልገውን ብቻ ይምረጥ፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኝ (ሞዴል 19) ይረከብ፣ ወደ ቢን ካርዱ ይግባ፤ የማይፈልገውን ይዘው ይመለሱ። ጊዜው ያለፈበት ወይም የተበላሸ ከተገኘ ለማስወገድ የሚወጣው ወጪ የቡድኑ ነው። በዘመቻው ወቅት መድኃኒት ያስከተለው ጉዳት ካለ በባለሥልጣኑ ቢጫ ቅጽ ላይ ይመዝገብ። ክትትል የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ዝርዝር፣ ምን እንደተሰጣቸውና እስከ መቼ እንደሚበቃቸው፣ ለተቋሙ ብቻ ይሰጥ፤ ፎቶ ተነሥቶ በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ መዞር የለበትም።

የሥራዎን ጥራት የሚለኩበት መንገድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣቸው የመድኃኒት አጠቃቀም መለኪያዎች መሠረት ከዘመቻው ማዘዣዎች ውስጥ 100 ያህሉን መርጠው ይቁጠሩ፤ በአንድ ማዘዣ በአማካይ ስንት መድኃኒት ተጻፈ፣ ስንቱ በጀነሪክ ስሙ፣ ስንቱ አንቲባዮቲክ፣ ስንቱ ከአገሩ ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ ከታዘዘው ስንቱ በእርግጥ ተሰጠ። ይህ ቁጥር ለሐኪሞቹም የሚጠቅም ሲሆን በስብሰባ ላይ ከ«ይህን ያህል ሺህ ሰው አከምን» ይልቅ ክብደት ያለው ወሬ ነው። ከዚያ ከአንድ ወርና ከሦስት ወር በኋላ ለአካባቢው ፋርማሲስት ይደውሉ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስንት ሰው መድኃኒቱን ሊቀጥል ተመለሰ፣ ካስረከብነው ምን አለቀና ምን ሳይነካ ቆመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንዳናመጣ ትፈልጋላችሁ። ሦስተኛውን ሲጠይቁ ቆም ብለው ይጠብቁ፤ እንግዳን ላለማስከፋት መልሱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። መልሱን ለቡድኑ መሪ በጽሑፍ ያድርሱት፤ የሚቀጥለው ጉዞ የመድኃኒት ዝርዝር መነሻ ይህ ጽሑፍ ይሁን።